ቦርጭን ሚዛን አይለይም፦ ውፍረትዎን እንዴት ይለካሉ?

ጅማ ውስጥ ክብደትን ማወቅ ቀላል ነው፤ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

1. መጀመሪያ ቢኤምአይዎን፣ ማለትም ክብደትዎ ከቁመትዎ ጋር ሲነጻጸር የሚወጣውን ቁጥር፣ ያስሉ። ቁመትዎን በሜትር ይያዙና በራሱ ያባዙት፤ ክብደትዎን በኪሎ ለውጤቱ ያካፍሉ። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ለሆነ ሰው 78ን ለ2.89 ሲያካፍሉ 27 ገደማ ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የአዋቂ ሰው ቢኤምአይ 25 ሲደርስ ክብደቱ በዝቷል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት ይባላል።

2. ቁጥሩን ወዲያው አይመኑት። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ ያጠናውም የሕዝብን አማካይ ነው። ስብን ከጡንቻ አይለይም። ጆንያ ቡና ተሸክሞ የሚውል ጫኝና አውራጅ 27 ቢወጣለት ትርፉ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ግን 23 ወጥቶለት ቦርጩ ከቀበቶው አልፎ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሄዳል፣ ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ግን ሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ ነው።

ስብን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ጅማም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት የ350 አራስ ሕፃናት ስብ እዚሁ ከተማ ተለክቷል፤ መሣሪያው የሕፃኑን የሰውነት ይዘት በአየር እየለካ ስቡን ያሰላል። ለእኛ ለአዋቂዎች የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃናል።

3. ወገብዎን ይለኩ። ልብስዎን ገለጥ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ከጎንዎ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንትዎን ጫፍ በጣትዎ ዳስሰው መሃላቸውን ይያዙ፤ የሱሪ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዝቅ ይላል። ሜትሩን ዙሪያውን እኩል አድርገው ያዙሩ፣ አያጥብቁት። እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ ሲወጣ ያንብቡ። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው። ሁለት ጊዜ ይለኩ።

4. ከቁመትዎ ጋር ያስተያዩ። ወገብዎ የቁመትዎን ግማሽ ካለፈ፣ ለ1.70 ሜትር ሰው ከ85 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ቢኤምአይዎ 23 ቢሆንም ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ያድርጉ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 የሚሉ ገደቦችም አሉ፤ መነሻቸው ግን አውሮፓውያን ላይ የተሠራ ጥናት ስለሆነ እኔ ግማሹን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ምክርም ውፍረት በቢኤምአይ ብቻ እንዳይወሰን፣ ወገብ ወይም ስቡ ራሱ እንዲለካ ይላል።

ነፍሰ ጡሮች ይህን አይጠቀሙ። ለልጆች በዕድሜና በጾታ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለ፤ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። እግሩ ወይም ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ደግሞ መለካቱን ትቶ ሐኪም ጋር ይሂድ።