ከራሱ የማይጨምር የሙዚቃ ማጫወቻ እንዴት ይመረጣል?

ሱቅ ገብተው የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲሞክሩ ቶሎ ልብ የሚሰርቀው ባሱን የሚያጋንነው ነው። ቅቤ እንደበዛበት ወጥ ነው፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ይጣፍጣል፣ ሽንኩርቱ መብሰል አለመብሰሉን ግን ይደብቃል። ድምፅ የማያጋንነው ማጫወቻ በአንጻሩ መጀመሪያ ላይ ጭር ያለ ይመስላል። ሥራው የተቀዳውን እንዳለ ለጆሮ ማድረስ ነው፤ የሰው ጆሮ በሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሰከንድ የሚኖር የንዝረት ብዛት) ባለው ክልል አንዱን ሳያጎላ፣ ሌላውንም ሳይውጥ።

በቅድሚያ ማጫወቻውን ሳይሆን የራስዎን የጆሮ ማዳመጫ ይወቁ። ማሸጊያው ላይ ኢምፒዳንስ የሚባል፣ በኦም የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ ነው ማለት ይቻላል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው ትልቅ ማዳመጫ ደግሞ 300 ኦም ነው።

ከዚያ የማጫወቻውን የመውጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ማዳመጫው የሚሰካበት መውጫ ራሱ ያለውን እምቢታ ይጠይቁ። ሻጭ የማያነሳው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ቁጥር ይህ ነው። ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ16 ኦም ማዳመጫ 2 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማሸጊያው ላይ አንድ ቁጥር ይጻፍ እንጂ የብዙ ማዳመጫዎች እምቢታ እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይለዋወጣል። በወፍራሙ ድምፅ ላይ 16፣ በመካከለኛው ላይ 50 ኦም የሚሆን ማዳመጫ አለ እንበል። መውጫው 10 ኦም ከሆነ ማጫወቻ ጋር ሲገናኝ ወፍራሙ 4.2 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲቀንስ መካከለኛው የሚቀንሰው 1.6 ብቻ ነው። የ2.6 ዴሲቤል ልዩነት ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል። መውጫው 1 ኦም ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 0.4 እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ውድ ማጫወቻ ገዝቼ ከበሮው በአንዱ ማዳመጫ ደህና፣ በሌላው የሳሳ ሲሆንብኝ ማዳመጫው ተበላሽቷል ብዬ ለሰው ሰጠሁት። ማዳመጫው ምንም አልነበረውም።

ዋጋ ብዙ አይነግርም። ሳንዲስክ ይሠራው የነበረው የክብሪት ሳጥን የሚያህል ሳንሳ ክሊፕ ርካሽ ነበር፤ መውጫው ግን 1 ኦም አካባቢ ነው። አፕል በአሜሪካ በ9 ዶላር ለገበያ ያቀረበው፣ ማዳመጫን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ሲ አጭር ገመድም ከ1 ኦም በታች ነው። ስልክዎ ከተቀበለው ሌላ ማጫወቻ ላያስፈልግዎት ይችላል። አውሮፓ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ የሚሸጠው የሚያወጣው ቮልቴጅ ግማሽ ያህል ስለሆነ ለ300 ኦም ማዳመጫ አቅም ያንሰዋል።

አሁን ወደ ሙከራው። ኢኳላይዘሩን (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ የሚያስተካክለውን) እና ባስ ማጉያውን ያጥፉ፤ አንዳንዱ ማጫወቻ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተከፍተው ነው የሚመጡት። የሽሽታ ድምፅ መኖሩን ለማወቅ ዘፈኑን አቁመው አያዳምጡ፤ ሙዚቃው ሲቆም የድምፅ ማጉያ ክፍላቸው (አምፕሊፋየሩ) አብሮ የሚጠፋባቸው ማጫወቻዎች አሉ። ይልቅስ በአዲስ ቅጂ ላይ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጸጥታ ያዳምጡ። ከድሮ የካሴት ክር የተቀዳ ከሆነ ሽሽታው የቅጂው የራሱ ነው፤ ማጫወቻውን አይውቀሱ።

ለሙከራ የሚጠቅመው በእውን ያዩትና የሰሙት መሣሪያ ነው። እኔ ማሲንቆ እመርጣለሁ። ደጋኑ የፈረሱን ጭራ ሲፈትግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ለስልሶ ከመጣ አንድ ነገር ተቆርጧል፤ ጥርስ የሚያፋጭ ከሆነ ደግሞ ተጨምሯል።

ሁለት ማጫወቻ ሲያወዳድሩ የድምፁን መጠን በተቻለ መጠን እኩል ያድርጉ፤ ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ ነው ይላል። የሚቀያይርልዎ ሌላ ሰው ይሁን፤ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነም አይዩ። ያለዚህ የሚፈርደው ዋጋው ነው።

የፋይሉ ነገር አያስጨንቅዎ። 44.1 ኪሎ ሄርዝና 16 ቢት የሆነ (ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ የተመዘገበ) የሲዲ ቅጂ በፍላክ፣ ከድምፁ ምንም ሳይጥል ፋይሉን በሚያሳንሰው ዓይነት፣ ካለዎት በቂ ነው። 192 ኪሎ ሄርዝ ያጫውታል ለሚል ማስታወቂያ ተጨማሪ ገንዘብ አልከፍልም፤ በዚያ ገንዘብ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ እገዛለሁ። ባትሪው የቀኑን መንገድ ከዘለቀ ሌላው ትርፍ ነው።

ሻጩ የመመለሻ ቀን ከሰጠዎት በአንድ ምሽት አይወስኑ። አንድ ሳምንት በአዲሱ ብቻ ያዳምጡና በስምንተኛው ቀን ያንኑ ዘፈን በድሮው ማጫወቻ ይክፈቱት፤ የድሮው ባሱን የሚያጋንን ከሆነ፣ ያ ባስ የዘፋኙን ቃል የት የት ላይ ሲሸፍን እንደኖረ ያኔ ይሰማዎታል።