በትሬዠር ቢች ትንሽ የባሕር ዳር ማረፊያ እንዴት እንደሚሰነበት

ለዕረፍት ወደ ጃማይካ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሰሜኑ ዳርቻ፣ ከሞንቴጎ ቤይ እስከ ኦቾ ሪዮስ በተሰለፉት ትልልቅ የአጥር ግቢ ሆቴሎች ነው። እዚህ የሚብራራው በደቡቡ ዳርቻ፣ በሴንት ኤልዛቤት አውራጃ በምትገኘው ትሬዠር ቢች የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ባሉት የቤተሰብ ማረፊያ እንዴት ሰንብቶ መመለስ እንደሚቻል ነው። መንደሯ ቢሊስ ቤይ፣ ፍሬንችማንስ ቤይ፣ ካላባሽ ቤይ እና ግሬት ቤይ በሚባሉ አራት ትንንሽ የባሕር ሰርጦች ላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ በየሰርጡ ካሉት ማረፊያዎች ብዙዎቹ ባለቤቷ ራሷ የምትኖርባቸው የሰው ግቢዎች ናቸው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የሚጠይቁትም ሆነ እዚያ ደርሰው የሚጠነቀቁት ነገር ከሆቴል የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ወቅት መምረጥ ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አየሩ ደረቅና ነፋሻ፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ይቀንሳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚቆይ ሲሆን፣ ይህ ለወጉ ያህል የሚጠቀስ ማስጠንቀቂያ እንዳይመስልዎ። ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ይህን ዳርቻ ክፉኛ መትቶ የብዙ ቤቶችን ጣሪያ ወስዷል፤ ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ደግሞ ሜሊሳ በ5ኛ ደረጃ ኃይል ወደ ደሴቲቱ ገብቶ በአቅራቢያ ያለችውን የብላክ ሪቨር ከተማን አፈራርሷታል። በመሆኑም በኢንተርኔት የሚያዩት ፎቶግራፍ ከእነዚህ ቀናት በፊት የተነሣ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ባለቤቷን በስልክ አግኝተው የትኛው ክፍል ታድሶ እንዳለቀ፣ የትኛውስ ገና በሥራ ላይ እንዳለ በግልጽ ይጠይቁ።

በዚያው ስልክ የሚጠየቁ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። መስኮቱ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ወይም አልጋው አጎበር አለው? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል ወይስ በሻማ ይታደራል? ሻወሩ ሙቅ ውሃ አለው፣ ካለውስ በፀሐይ ኃይል የሚሞቅ ነው? ምግብ እዚያው ይበስላል ወይስ እንግዳው ወጥ ቤቱን ይጠቀማል? «ባሕር ዳር» ማለትስ ከደጃፉ ነው ወይስ የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ ነው? ግልጽ መልስ የማይሰጥ ቤት ካጋጠመዎ ሌላ መፈለጉ ይሻላል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የባለቤቷ ሁኔታ የቆይታዎን ግማሽ ይወስናል።

ቀጥሎ ጉዞው ነው። ብዙ መንገደኛ የሚያርፈው በሞንቴጎ ቤይ ሳንግስተር አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ከዚያ ትሬዠር ቢች በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የመግቢያውን ቅጽ አስቀድመው በኢንተርኔት ይሙሉ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ የቪዛውን ጉዳይ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት በጃማይካ ቆንስላ ያረጋግጡ። ፈቃድ ያለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ታርጋው ቀይ ነው፤ ዋጋውን ሻንጣ ከመጫንዎ በፊት ይስማሙ። ራስዎ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ በግራ በኩል እንደሚነዳ፣ መንገዱም በተራራው ላይ ጠመዝማዛ እንደሆነ አይርሱ። በመንገድ ላይ ባለ ከተማ ቆም ብለው የጃማይካ ዶላር በዝርዝር ኖት ያውጡ፤ ዓሣ አጥማጁም ሆነ አትክልት ሻጯ ካርድ አይቀበሉም። ሻንጣውን በተመለከተ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ነጠላ ጫማና የትንኝ ቅባት ይበቃሉ። ኤሌክትሪኩ እንደ አሜሪካው 110 ቮልት፣ ሶኬቱም የአሜሪካው ዓይነት ስለሆነ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው አዳፕተር ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ውሃ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህ ነው። የሴንት ኤልዛቤት ደቡባዊ ክፍል የደሴቲቱ ጓዳ ይባላል፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ሐብሐቡ ከዚያ ይመጣል። ሆኖም አካባቢው ደረቅ ነው፤ ገበሬው እርጥበቱን ለማቆየት ማሳውን በደረቅ ሣር ሸፍኖ ያርሳል። ብዙ ግቢዎች የዝናብ ውሃን ከቆርቆሮው በአሸንዳ ወደ ጋን ወይም ወደ ሮቶ ያጠራቅማሉ፤ ሲያልቅ በቦቴ ይገዛሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ ይህን ሳልጠይቅ፣ ከባሕር በወጣሁ ቁጥር ሻወር እገባ ነበር፤ ፀጉሬን በሳሙና አጥቤ ሳላለቀልቅ ውሃው ቀጥ አለ። ባለቤቷ በትንሽ ባልዲ ውሃ ይዛ መጥታ፣ ምንም ሳትቆጣ፣ ወደ ሮቶው ወስዳኝ በጣቷ ከላይ እስከ ታች አንኳኳችው። ከላይ እንደ ከበሮ ይጮህ የነበረው ድምፅ ከወገብ በታች ሲደርስ አልታፈነም፤ ከግርጌው አንድ ስንዝር በላይ ባዶ ነበር። ቦቴው የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገርዎ፦ እንደደረስኩ ውሃው በምን እንደሚመጣና መቼ እንደተሞላ እጠይቃለሁ፤ የባሕሩን ጨውና አሸዋ ውጭ ባለው ቧንቧ በአንድ ጣሳ እለቃለቃለሁ፤ ሻወር የምወስደው በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰውነቴን በሳሙና ሳሽ ውሃውን ዘግቼ ነው። የሚጠጣውንም ከሮቶ አልቀዳም፤ የተፈላ ወይም የታሸገ እጠይቃለሁ።

ከሰው ጋር መግባባት የሚጀምረው ከሰላምታ ነው። ሱቅ ሲገቡ ዕቃ ከመጠየቅ በፊት ሰላም ማለት ግዴታ ነው፤ ማታ ሲገናኙም «ጉድ ናይት» የመሰነባበቻ ሳይሆን የመገናኛ ሰላምታ ስለሆነ፣ ገና ሲደርሱ ቢባሉት እንደማባረር አይቁጠሩት። ጠና ያሉ ሴቶች ከስማቸው በፊት «ሚስ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆንዎ ከታወቀ ደግሞ ጨዋታው ይረዝማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ዕለት ራስተፈሪያን በየዓመቱ ያከብሩታል፤ ሻሸመኔን በስም የማያውቅ ራስታ አያጋጥምዎትም ማለት ይቻላል። ስለ ንጉሡ ያለዎት አስተያየት ምንም ይሁን፣ ለእነርሱ ጉዳዩ ሃይማኖት መሆኑን አስታውሰው ሙግት ባይከፍቱ መልካም ነው።

ወደ ባሕሩ ከመግባትዎ በፊት ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ። የዚህ ዳርቻ አሸዋ ጠቆር ያለ፣ ሞገዱም ከሰሜኑ የበረታ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ ከሥር ወደ ውስጥ የሚስብ ውሃ አለ፤ በአንዱ ሰርጥ ሕፃናት ሲዋኙ በአጠገቡ ባለው አዋቂ የማይገባበት ቀን ይኖራል። ውሃው ከሳበዎ ከእርሱ ጋር ሳይታገሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ከሳቢው ይውጡ። በካሪቢያን ዳርቻዎች ማንቺኒል የሚባል፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው መርዛማ ዛፍም አለ፤ ፍሬው አይቀመስም፣ በዝናብ ጊዜ ከሥሩ አይጠለሉም፤ የሚንጠባጠበው ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል።

ምግቡ ከጀልባው ይጀምራል። ማለዳ ጀልባዎቹ ወደ አሸዋው ሲሳቡ ሄደው ዓሣውን ራስዎ መርጠው ቢገዙና ባለቤቷን ቢያስበስሉ ይረክሳልም፣ ይጣፍጣልም። ኤስኮቪች የሚባለው፣ ተጠብሶ በኮምጣጤ፣ በሽንኩርትና በስኮች ቦኔት ቃሪያ የሚቀርበው ነው፤ ቃሪያው ሚጥሚጣ የለመደ ምላስን እንኳ ያስደነግጣል። ከጎኑ የሚመጣው ባሚ የተባለ የካሳቫ ቂጣ በኮኮናት ወተት ተነክሮ የተጠበሰ ነው። ጾመኛ ከሆኑ «ኢታል» ብለው ይዘዙ፤ የራስታዎቹ ምግብ ሥጋም ወተትም የሌለበት፣ ብዙ ጊዜም ጨው የማይገባበት ስለሆነ ለእኛ የጾም ሰው ከጨው በቀር ምንም አይጎድልበትም። የምሳውን ግን ጠዋት ይዘዙ፤ እሳቱ የሚነደው ሲታዘዝ ነው፣ «ሱን ከም» ማለትም «አሁን ይመጣል» የሚለው ቃል አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ድፍን ጨለማ ነው። ደንጊ የተባለው ትኩሳት በደሴቲቱ ስላለና የሚያስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለሚናደፍ፣ ቅባቱን ማታ ብቻ ሳይሆን ጠዋትም ይቀቡ።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ሒሳቡን ከዋዜማው ይዝጉ፤ ዓሣ ማስበሰያውና ተጨማሪው ውሃ በቃል ብቻ ተይዞ ከሆነ አብራችሁ ቆጥራችሁ ደረሰኝ ይቀበሉ። ሾፌሩን ከበረራው ስድስት ሰዓት አስቀድሞ እንዲመጣ ይቅጠሩት፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የሾፌሩም «ሱን ከም» አለ።