ቫዝሊን የድሬን ፀሐይ አልቻለም

የሳይክሌ የኋላ ጎማ እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሲንሲያጠጥ ሰነበተ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ግራሶ ሲያልቅብኝ ኩሽኔታው ላይ ቫዝሊን ቀብቼ ነበር። የድሬ ፀሐይ አቅልጦ አንጠባጠበው፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ገባበት። ስፈታው የኩሽኔታው ብዮች ጥቁር ጭቃ ለብሰዋል። እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻሉ!

በነጭ ጋዝ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኳቸው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውፍረቱ ቁጥር 2 የሆነ ሊቲየም ግራሶ ገዛሁ። ውሃ ቶሎ አያጥበውም፣ እንዲህ ባለው ሙቀትም አይቀልጥም። ብዮቹ እስኪሸፈኑ ቀባሁ፤ ከዚያ በላይ መጠቅጠቅ ትርፉ ልፋት ነው። ሳጠብቀው ጎማው ሳይወላወል በቀላሉ እንዲሽከረከር አድርጌ ተውኩት።

ካቴናውን ግን ግራሶ አታስነኩት፣ አሸዋ ይሰበስባል። ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌ ትርፉን ጠረግኩት። ቫዝሊኑ ወደ እጄና እግሬ ተመልሷል።