ሰንጠረዥን ከቼዝ ጋር ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቼዝ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ከቅዳሜ ገበያ ቀይ ጨርቅ ገዝቼ፣ ሰማያዊ ጥብጣብ በቁመትና በአግድም አሰፍቼበት፣ ስምንት በስምንት የሆነ የሰንጠረዥ ገበታ አዘጋጀሁ። ተማሪዎቹ ጨርቁን ዘርግተው እንዳዩት በመጀመሪያ የጠየቁት «ጥቁርና ነጩ የታለ?» ብለው ነበር። ይህ ጥያቄ አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ ጋር ስናነጻጽር ለምንሠራቸው ስህተቶች ሁሉ መነሻ የሚሆን ይመስለኛል፤ የለመድነውን ይዘን በአሮጌው ጨዋታ ላይ የጎደለውን እንፈልጋለን።

መጀመሪያ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። ሰንጠረዥ ሲባል አንዳንዱ ዳማ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ቼዝን ራሱን እንዲህ ይጠራዋል፣ በየቢሮው ደግሞ ቃሉ የቁጥር መደርደሪያ ሆኗል። እኔ እዚህ ሰንጠረዥ የምለው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረውን የቆየ ጨዋታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቼዝን የሰንጠረዥ ልጅ፣ ወይም ሰንጠረዥን የቼዝ ብልሹ ቅጂ ማድረግ ነው። ሁለቱም የተገኙት ፋርሶችና ዐረቦች ይጫወቱት ከነበረው ሻትራንጅ ነው፤ የእኛው ስም ራሱ ይህን ይናገራል። ከጠጠሮቹም ፊል የሚባለው በዐረብኛ ዝሆን ሲሆን፣ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝም የንጉሥ አማካሪን ከሚያመለክት የፋርስ ቃል የመጣ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጨዋታው እንደገና ሲሠራ አማካሪው ንግሥት ሆነ፣ ዝሆኑ ቢሾፕ ሆነ፣ የሁለቱም ጉልበት እጅግ ጨመረ። ያ ለውጥ ኢትዮጵያ አልደረሰም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየው የድሮው ጨዋታ ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዥና ቼዝ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ባሕር ማዶ አድጎ መልኩን ለወጠ፣ ሌላው እዚሁ ቀርቶ የራሱን ወግ አበጀ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የጠጠሮቹን ዋጋ በቼዝ መስፈሪያ ሲሰፍር ነው። ተማሪዎቼ ፈርዝን እንደ ንግሥት ገና ከመነሻው ወደ ፊት ይልኩታል። ፈርዝ የሚሄደው በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ስለሆነ ከሄደበት ቶሎ መመለስ አይችልም። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ የቆመ ጠጠር አያግደውም፣ ነገር ግን በአንድ ቤት ልዩነት አጠገቡ የቆመውን ሊነካው አይችልም። አንድ ፊል ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜ ልኩን ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። አራቱ ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤቶች ስላሏቸው እርስ በርስ መቼም አይገናኙም። ይህን ለማመን ያስቸገረች አንዲት ተማሪ በጨርቁ ላይ ሽንብራ እየዘራች ቤቶቹን ስትቆጥር አይቻለሁ። ፈረስና ደር በሁለቱም ጨዋታ አንድ ዓይነት አካሄድ ስላላቸው፣ በሰንጠረዥ ከሁሉ የሚበረታው በቼዝ ግንብ የምንለው ደር ነው። መደቅ ማለትም ወታደሩ ከመነሻው ሁለት ቤት አይራመድም፣ ዳር ሲደርስም የሚሆነው ፈርዝ ብቻ ነው።

የንጉሡ አቀማመጥም ሊዘነጋ አይገባም። በቼዝ ንጉሥ ከንጉሥ ይተያያል። በሰንጠረዥ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመካከለኛው መስመር በቀኙ በኩል ስለሚያቆም፣ የአንዱ ንጉሥ የሌላውን ፈርዝ ፊት ለፊት ያያል። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ፈርዞች በአንድ የሰያፍ መረብ ላይ ይውላሉና አንዱ ሌላውን ሊበላው ይችላል፤ በሻትራንጅ ንጉሥ ከንጉሥ ሲተያይ ይህ አይሆንም ነበር። ገበታው ቀለም ስለሌለው ይህን በዓይን ተከታትሎ መለየት የተጫዋቹ ሥራ ነው።

አራተኛው ስህተት ወረራን፣ ማለትም የጨዋታውን መክፈቻ፣ እንደ ሥርዓት አልባነት መቁጠር ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ሆኖም ጎበዝ ተጫዋች በወረራ ጊዜ ከእጁ ይልቅ ዓይኑን ያሠራል፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገናም ይሠራል። ቼዝ የሚጠይቀው የመክፈቻ ቃል በቃል ጥናት እዚህ ቦታ የለውም። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ምክር እየጮኸ ይሰጣል፣ ይህም ነውር አይደለም።

የመጨረሻው፣ ለእኔም እጅግ የሚያሳስበኝ፣ የማሸነፍን ትርጉም አንድ አድርጎ መውሰድ ነው። በሻትራንጅ የባላጋራን ንጉሥ ብቻውን ማስቀረት ራሱ ድል ነበር። በቼዝ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ተባርሮ ይያዛል። በሰንጠረዥ ግን፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደተመዘገበው፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም። ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው እንደሆነም፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መውጫ ሊያሳጡት ይገባል። በደር ወይም በፈረስ መጨረስ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መጨረስ ግን ክብር አለው።

አንድ ተማሪዬ ሁለት ደር ይዞ፣ የባላጋራውን የመጨረሻ ፈረስ በደስታ በላ። አቻ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፣ «ታዲያ ብልጫው የእኔ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ልጅ የባላጋራውን አንድ ፊል ሆን ብሎ ሳይነካው ተወው። ፊሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጓደኞቹ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር፤ አምስት ላይ ሲደርሱ፣ ሁለቱ ደሮች መንገዱን ዘግተው፣ ንጉሡን መውጫ ያሳጣው አንድ መደቅ ነበር።