ክላስ ውስጥ ማንም እንዳይቀርብን፣ ለአዲስ አስተማሪዎች

ፒኤችዲ እየተማርኩ ስድስት ኪሎ አካባቢ አስተምራለሁ፣ አዲስ የገቡ አስተማሪዎችንም ክላሳቸው ገብቼ አግዛለሁ። ሁሌ መጀመሪያ የማነሳው ቋንቋን ነው። ፊታችሁ የተቀመጠው ተማሪ አንደኛ ደረጃን በኦሮምኛ በሶማሊኛ በትግርኛ በሲዳምኛ ተምሮ ሊሆን ይችላል፣ ሌክቸሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፣ እናንተ ሲከብድ ወደ አማርኛ ትገባላችሁ እና ግማሹ ሲገባው አማርኛ የማይችለው ልጅ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ሰነፍ መስሏችሁ ስትተዉት በጣም ነው የማዝነው። ስለዚህ በአማርኛ ያላችሁትን ነገር መልሳችሁ በቀላል እንግሊዝኛ በሉት፣ ዋና ዋና ቃላቱን ቦርድ ላይ ጻፉ፣ ከዛ 3 ደቂቃ ስጧቸውና ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር በሚመቻቸው ቋንቋ ይነጋገሩበት።

ጥያቄ ስትጠይቁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ የፊት ወንበር ልጆች ብቻ እንዳይመልሱት።

ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሉ ቦርድ ላይ የምትጽፉትን እየጻፋችሁ አንብቡት፣ "እዚህ ጋ እንደምታዩት" አይሰራም! ስላይዱንም ቀድማችሁ በቴሌግራም ላኩ፣ ግን ፎቶ ሳይሆን ስልኩ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ይሁን።

አስተማሪ የምታግዙ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ምን እንድታዩለት እንደሚፈልግ ጠይቁት፣ አንድ ነገር በቂ ነው። እኔ ማን እንደተናገረና ማን ዝም እንዳለ የወንበሩን አቀማመጥ ስዬ ምልክት አደርጋለሁ። ከክላስ በኋላ ቡና ይዘን ወረቀቱን እሰጠዋለሁ፣ ቀድሞ እሱ ያውራ።