የዲዛይን ተማሪን ደርሶ መልስ ጉዞ ባዶ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ማስረከቢያው ቀን ተቃርቦ ሐሳብ አልመጣ ሲል «ለአንድ ቀን ወጣ በሉ» የሚለው ምክር መልካም ነው። ሆኖም ቦታው ብቻውን ሐሳብ አይሰጥም። ጠዋት ባዶ ደብተር ይዞ የወጣ ተማሪ ማታ ያንኑ ባዶ ደብተር ይዞ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

ያለ ጥያቄ መውጣት። «የፈጠራ ሐሳብ ፍለጋ» ከመስፋቱ የተነሣ ዓላማ ለመባል አይበቃም። ወንበር የምትነድፉ ከሆነ «ሰው ወንበር በሌለበት ቦታ የት ይቀመጣል? ምን ላይ ይደገፋል?» ብላችሁ ውጡ። ያን ጊዜ ደረጃው፣ የአጥሩ ግንብና የዛፉ ሥር ሁሉ መናገር ይጀምራሉ። መንገድ ላይ የተሻለ ጥያቄ ከመጣ የጠዋቱን መጣል ነውር የለውም።

ብዙ ቦታ ለማዳረስ መሮጥ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤም. ሲ. ኤሸር በስፔን ግራናዳ የሚገኘውን የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት መጀመሪያ ያየው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር። በ1936 ተመልሶ ሲሄድ ግን ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ የግድግዳዎቹን ጌጥ ለቀናት ገለበጠ። ክፍተት ሳይተዉ እርስ በርስ የሚጋጠሙት የወፍና የዓሣ ሥዕሎቹ የበዙት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አተያዩ ነው። ተማሪ ለዚህ የሚሆን ብዙ ቀን ባይኖረውም አንድ ግድግዳ ፊት የሚቀመጥበት አንድ ሰዓት አያጣም።

ማየቱን ለካሜራ መተው። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶግራፍ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ከተመለከቷቸው ዕቃዎች ይልቅ ፎቶ ያነሷቸውን ያነሰ ያስታውሱ ነበር። የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ሲያነሱ ግን ይህ ጉድለት አልታየም። ስለዚህ መጀመሪያ በእርሳስ ንደፉ፤ ካሜራውን ለዝርዝሩ አውጡት።

በቀለም ረገድም ስልክ እምነት አይጣልበትም። የብርሃኑን ቀለም በራሱ ስለሚያስተካክል ጥላ ውስጥ ያለው ሰማያዊነትና የማምሻው ፀሐይ ወርቃማነት ተዛብተው ሊቀሩ ይችላሉ። ነጭ ወረቀት በፎቶው ጥግ ማስገባት በኋላ ለማረም ይረዳል፤ እዚያው በውኃ ቀለም ማዋሐድ ደግሞ ይበልጣል። መጠንም በፎቶ ይጠፋል፤ በስንዝር ለክታችሁ ከንድፉ ጎን ጻፉት።

ውብ ነገር ብቻ መፈለግ። በሽቦ የታሰረ የበር እጀታና ሰዎች የተነጠፈውን መንገድ ትተው ሣሩን እየረገጡ ያወጡት አቋራጭ ከሚያምረው ሕንፃ የበለጠ ያስተምራሉ። ንድፍ የት እንደከሸፈና ተጠቃሚው ምን እንደፈለገ በግልጽ ያሳያሉ።

ቅርጹን ወስዶ አሠራሩን መተው። ቅጠል አይቶ ቅጠል የመሰለ አርማ መሥራት ቀላል ነው፤ የሰለቸም ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ዦርዥ ደ ሜስትራል እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ ጭጎጎት መሰል ፍሬ ተጣብቆ አገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ጥቃቅን መንጠቆዎች ታዩት። የወሰደው የፍሬውን መልክ ሳይሆን አያያዙን ነበር፤ በጫማና በቦርሳ ላይ የምናየው፣ ሲነካካ የሚጣበቀውና ሲስቡት የሚላቀቀው ማያያዣ ቬልክሮ የተወለደውም ከዚያ ነው። ምርቱ ለገበያ እስኪበቃ ግን ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እናንተም ከእያንዳንዱ ንድፍ ሥር «ይህ እንዴት ይሠራል?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ካላወቃችሁ አልጨረሳችሁም ማለት ነው፤ ጠጋ ብላችሁ እንደገና እዩ።

ሥራውን ለሌላ ቀን ማቆየት። የድካም ነገር ቢሆንም ማታውኑ ደብተሩን ግለጡ። ሦስት ንድፎች መርጣችሁ አስፍታችሁ ሣሏቸው፤ በችኮላ የተጫሩትን ቃላት ትርጉማቸው ሳይጠፋ አብራሩ። በነጋታው አንዱን በካርቶን ወይም በሸክላ ጭቃ ሠርታችሁ ሞክሩ። የማይቆም ከሆነ ስህተቱ የት እንደሆነ ለማየት ወደዚያው ቦታ መመለስ አዲስ ቦታ ከመፈለግ ይሻላል።