አስተናጋጆቻችን መልቀቅ ያቆሙት እንዲህ ነው

ከአጎቴ የተረከብኩት ቁርስ ቤት ችግሩ ገበያ አልነበረም። ሠራተኛ አይቆይም። አንዷ ሥራውን ስትለምድ ትሄዳለች፤ ደንበኛም የሚያውቀውን ፊት ሲያጣ ይቀራል።

መጀመሪያ የነካሁት የብርጭቆ ቅጣቱን ነው። የሰበረ ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር። ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እንደፈለጉ መቁረጥን አይፈቅድም፤ በሕጉ መሠረት ሲቆረጥ እንኳ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። አስቀረሁት። የሚገርመው፣ የሚሰበረው አልጨመረም። እንዲያውም የተሰነጠቀውን ሳይደብቁ ያሳዩኝ ጀመር።

ቀጥሎ ምግብ። ትራፊ መብላት ቀረ። ከጥድፊያው በፊት ለእነሱ ተሠርቶ አብረን እንበላለን፤ በጾም የጾም። ወጪው ይሰማል፣ አልዋሽም። በዓል ቀን ለሚገቡት አዋጁ የሚለውን ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ፤ ለፋሲካ ደግሞ ዶሮና ዘይት አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ደንበኛ መናገር ነበር። አስተናጋጆቹን በጭብጨባ እየጠሩ የሚያመናጭቁ አንድ አዛውንት ነበሩን። «ጋሼ፣ በስሟ ይጥሯት» አልኳቸው። አኩርፈው ወጡ። ቆይተው ግን ተመለሱ፤ ሽሯችን ሳይናፍቃቸው አልቀረም።

አሁን ደላላ ከጠራሁ ቆየሁ። ሰው ሲያስፈልገኝ ልጆቹ እህታቸውን ወይም ጓደኛቸውን ያመጣሉ። እንዳታሳፍራቸው ብለው ሥራውንም ራሳቸው ያስለምዷታል።